የናኖ ሜታል-ኦርጋኒክ ፖሊመር ዱቄትን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለካት፦ ከማጠብ እስከ መመዝገብ ያለ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በአካባቢው ባሉ ላቦራቶሪዎች ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆኑ ናኖ ሜታል-ኦርጋኒክ ፖሊመሮችን ለሚያዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ቁሱን ማዘጋጀት ተሳክቶላቸው ልኬቱ ላይ የሚሰናከሉ ብዙ ናቸው፤ ከአንድ ብልቃጥ የወጣ ዱቄት በሚያዝያ አንድ ቁጥር፣ በሐምሌ ደግሞ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ይሰጣቸውና የትኛውን እንደሚያምኑ ይቸገራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። መልቲሜትር ከረንት ማለፉን ይናገራል እንጂ ከረንቱን የተሸከመው ፖሊመሩ ይሁን፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ይሁን፣ ከዱቄቱ ጋር የተደባለቀ መዳብ ይሁን አይናገርም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከረንቱን የተሸከመው ማን እንደሆነ ለመለየት የተደረደሩ ስለሆኑ ቅደም ተከተላቸውን አይለዋውጡ።

በምሳሌነት የምጠቀመው ከመዳብ አዮንና ኤችኤችቲፒ በሚል አጭር ስም ከሚታወቀው ሄክሳሃይድሮክሲትራይፈኒሊን የሚሠራውን ጠቆር ያለ ዱቄት ነው። ሌላ ሜታል ወይም ሌላ ኦርጋኒክ ሞለኪውል የሚጠቀም ሰው የማድረቂያውን ሙቀትና የሚጠብቀውን ቁጥር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ ሊከተለው ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት

*የሚጠብቁትን ቁጥር ይወቁ።* አብዛኞቹ ሜታል-ኦርጋኒክ ፍሬምወርኮች (ቀዳዳ ያላቸው የዚህ ዓይነት ፖሊመሮች) ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ አስተላላፊነታቸው ከ10⁻¹⁰ ሲመንስ በሴንቲሜትር በታች ነው። የሚያስተላልፉት ጥቂቶቹ ግን እርስ በርስ እጅግ ይራራቃሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ኒኬልና ኤችአይቲፒ የተባለ ኦርጋኒክ ሞለኪውል የያዘው ቁስ በፔሌት (ዱቄቱ ተጭኖ በሚወጣ ክብ ቂጣ) መልክ 2፣ በስስ ፊልም መልክ 40 ሲመንስ በሴንቲሜትር ሰጥቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው መዳብና ቤንዚንሄክሳታዮል የያዘው ፊልም ደግሞ 1580 ደርሷል። ንጹሕ መዳብ 6 × 10⁵ ገደማ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ፔሌት 10⁴ ካሳየ ደስታውን ወደ ጎን አድርገው በዱቄቱ ውስጥ ሜታል ወይም በሽቦዎቹ መካከል የአጭር መንገድ ግንኙነት መኖሩን ይመርምሩ።

*ዕቃዎቹን አሟልተው ይቀመጡ።* የሚያስፈልጉት ሃይድሮሊክ ፕሬስ፣ 13 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የፔሌት ዳይ (ዱቄቱ የሚጫንበት ቅርጽ ማውጫ፤ ለኢንፍራሬድ ሥራ የሚውለው ይበቃል)፣ የአጌት ሙቀጫ፣ ማይክሮሜትር፣ የቫክዩም ኦቨን፣ ሲሊካ ጄል ያለበት ዴሲኬተር፣ አራት መርፌ ያለው ፕሮብ፣ ከረንት ሰጥቶ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ፣ እንዲሁም ቴርሞሜትርና የአየር እርጥበት መለኪያ ናቸው። የእርጥበት መለኪያው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ በጎጃም ክረምት ግን ያለ እርሱ የተወሰደ ልኬት ትርጉሙ አይታወቅም።

*ራስዎን ይጠብቁ።* የናኖ ዱቄት በዓይን ሳይታይ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ማስክና ጓንት ሳያደርጉ አይፍጩ፤ ከተቻለ በጭስ መሳቢያው ውስጥ ይሥሩ። ቁሱን ለማዘጋጀት የሚያገለግለው ዲኤምኤፍ የተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ አሴቶን ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ በአሴቶን የታጠበ ዱቄትን ጭሱ ሳይወጣለት ወደ ሞቀ ኦቨን አያስገቡ።

ደረጃ 1፦ ዱቄቱን ማጠብና ማንነቱን ማረጋገጥ

1. ዱቄቱን መጀመሪያ በዲስቲልድ ውሃ፣ ቀጥሎ በአሴቶን ይጠቡ። ሴንትሪፊውጅ ካደረጉ በኋላ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ቀለም እስኪያጣ ድረስ ይደጋግሙ። ያልታጠበ የመዳብ ጨው እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ከረንት ይሸከማል።

2. በሥራው ላይ ዲኤምኤፍ ተጠቅመው ከሆነ በማድረቅ ብቻ ይወጣል ብለው አይመኑ፤ የሚፈላው በ153 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዱቄቱን አሴቶን ወይም ሜታኖል ውስጥ ዘፍዝፈው ፈሳሹን በየቀኑ እየቀየሩ ለሦስት ቀን ያቆዩት።

3. ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ያሠሩ፤ ሲያሠሩም ልኬቱ ከ3 ዲግሪ እንዲጀምር በግልጽ ያሳስቡ። በመዳብ ኤክስሬይ የዚህ ቁስ ዋነኛ ጫፎች 4.7 እና 9.5 ዲግሪ አካባቢ ስለሚታዩ፣ በልማድ ከ10 ዲግሪ የጀመረ ልኬት የቁሱን መለያ በሙሉ ቆርጦ ይጥለዋል። ናሙናቸውን ወደ ሌላ ከተማ ልከው ውጤቱን ለሳምንታት የሚጠብቁ ተማሪዎች ይህ አንድ መስመር በማመልከቻው ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ድካማቸው ከንቱ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

4. በ43.3 ዲግሪ ጫፍ ካለ የሜታል መዳብ፣ በ35.5 እና 38.7 ካለ የመዳብ ኦክሳይድ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። የሜታል መዳብ ከታየ ወደ ፔሌት አይለፉ፤ ዱቄቱን እንደገና ያዘጋጁ። ጥቂት ሜታል ተያይዞ መስመር ከሠራ ፖሊመሩ ምንም ባያስተላልፍ እንኳ ውጤቱ ከፍተኛ ይሆናል፤ ይህንንም ኋላ የሚደረግ ስሌት አያርመውም።

ደረጃ 2፦ ማድረቅ

ከሁሉም ደረጃዎች በላይ ጊዜ ሊወስዱበት የሚገባው ይህ ነው። የእነዚህ ቁሶች ቀዳዳዎች በናኖሜትር የሚለኩና ውሃን አጥብቀው የሚስቡ ናቸው። ቀዳዳው ውስጥ የገባው ውሃ ፕሮቶን ያሻግራል፤ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ከረንት ደግሞ ኤሌክትሮን ተሸክሞት ይምጣ ፕሮቶን አይለይም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በተለይ በጣና ዳርቻ፣ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል የተቀመጠ ዱቄት ትናንት ደርቆ ቢሆንም ዛሬ ደረቅ አይደለም።

1. ዱቄቱን በሰፊ የመስታወት ሳሕን ላይ በስሱ ዘርግተው በቫክዩም ኦቨን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ያድርቁ። ቁሱ የሚበላሽበትን ሙቀት በቴርሞግራቪሜትሪ (ቁሱ ሲሞቅ ክብደቱን እየተከታተለ በሚለካ ዘዴ) ሳያረጋግጡ ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ።

2. የቫክዩም ጌጁን በትክክል ያንብቡ። ብዙዎቹ ጌጆች የሚያሳዩት ከአካባቢው የአየር ግፊት ምን ያህል እንደቀነሰ ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች 76 ገደማ ነው። ስለዚህ የኦቨኑ መመሪያ «እስከ −95 ኪሎፓስካል ያውርዱ» ቢልም እነዚህ ከተሞች ላይ ጌጁ ከ−82 ወይም ከ−76 አያልፍም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው አይፍቱት። በተቃራኒው በደብረ ማርቆስ ጌጁ −60 ላይ ቆሞ ከሆነ ገና 16 ኪሎፓስካል የሚያህል አየር ስለቀረ የሚያፈስ ቦታ ይፈልጉ።

3. ዱቄቱን በየሁለት ሰዓቱ ይመዝኑ። ሁለት ተከታታይ ሚዛኖች በሚዛኑ የመለየት አቅም ውስጥ እኩል ሲሆኑ ደርቋል። ሰዓት ቆጥሮ ደርቋል ማለት አይቻልም።

4. የደረቀውን ዱቄት ወዲያውኑ ወደ ዴሲኬተር ያዛውሩ። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ቀይሮ ከሆነ በ120 ዲግሪ አድርቀው ይመልሱት፤ ቀለሙን የለወጠ ሲሊካ ጄል ዴሲኬተሩን ወደ ተራ ብልቃጥ ይለውጠዋል።

*መብራት ቢጠፋ፦* ፓምፑ ሲቆም የፓምፑ ዘይትና የውጭው እርጥብ አየር ወደ ኦቨኑ ሊመለስ ይችላል። በፓምፑና በኦቨኑ መካከል ቫልቭ ከሌለ ያስገጥሙ፤ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ቫልቩን ይዝጉ፣ ቀጥሎ የፓምፑን ማብሪያ ያጥፉ። በሌሊት ሰው ሳይኖር ጠፍቶ ከነበረ ማድረቁን ከዜሮ ይጀምሩ። ዱቄቱ የዘይት ሽታ ካለው ግን ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ ወደ አሴቶን እጥበት ይመለሱ።

ደረጃ 3፦ ፔሌት መጫን

1. ዳዩን ያጽዱ። ዳዩ ለኢንፍራሬድ ሥራ ሲያገለግል ከቆየ በውስጡ የፖታሲየም ብሮማይድ ቅሪት አለ፤ ይህ ጨው እርጥበት ስቦ አዮን ስለሚያስተላልፍ የልኬቱን ውጤት ያበላሻል። ፖታሲየም ብሮማይድ በአሴቶን ስለማይሟሟ መጀመሪያ በውሃ፣ ከዚያ በኤታኖል አጥበው በኦቨን ያድርቁት።

2. ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም ዱቄት በአጌት ሙቀጫ ቀስ ብለው ለሁለት ደቂቃ ያህል ይፍጩ። ዓላማው የተጣበቀውን መበተን ብቻ ነው፤ ጠንክሮ መፍጨት ክሪስታሉን ይሰብረዋል።

3. ዱቄቱን በዳዩ ውስጥ እኩል ያስተካክሉ። ዳዩን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ከማንኪያ ይልቅ ይሠራል።

4. ኃይሉን ቀስ በቀስ እስከ 2 ቶን ያድርሱና ለ5 ደቂቃ ያቆዩት። በ13 ሚሊሜትር ዳይ ላይ 2 ቶን ወደ 150 ሜጋፓስካል ይሆናል። በሪፖርት ላይ ቶን ብቻ አይጻፉ፤ የዳዩ ስፋት ሲለወጥ ያው 2 ቶን ሌላ ግፊት ነው።

5. ኃይሉን በአንድ ጊዜ አይልቀቁ። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ወስደው ያውርዱት።

6. ውፍረቱን በማይክሮሜትር በመሐሉና በአራት ጠርዞቹ ይለኩ። 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱ በስሌቱ ደረጃ ይታያል። በቦታዎቹ መካከል ከ0.02 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ የዱቄቱ አደላደል ትክክል አልነበረም።

*ፔሌቱ ከተሰነጠቀ፦* አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ በፍጥነት ተለቋል ወይም አየር ታፍኗል። የዳዩን የቫክዩም ቀዳዳ ከፓምፕ ጋር አገናኝተው እንደገና ይጫኑ። የተሰነጠቀ ፔሌት ላይ መርፌ አያሳርፉ፤ ስንጥቁ በቮልቴጅ መርፌዎቹ መካከል ካለፈ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል፣ ከውጭ ካለፈ ደግሞ ምንም ሳይታወቅ የከረንቱን መንገድ ያጣምመዋል።

*ፔሌቱ አልያያዝ ካለ፦* ማጣበቂያ ለመጨመር አይቸኩሉ። ኃይሉን ወደ 4 ቶን ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም የተጫነውን ፔሌት በኤክስሬይ ያስመርምሩ። በ4.7 ዲግሪ ያለው ጫፍ ከጠፋ ወይም እጅግ ከሰፋ ግፊቱ ቀዳዳዎቹን ስላፈረሳቸው የሚለኩት የጀመሩበትን ቁስ አይደለም።

ፔሌቱ ከወጣ በኋላ በ90 ዲግሪ ለተጨማሪ ሁለት ሰዓት በቫክዩም ያድርቁት፤ በሙቀጫና በዳዩ ዙሪያ ባለፈው ጊዜ እርጥበት ወስዷል።

ደረጃ 4፦ ዘዴውን መምረጥ

በሁለት ሽቦ መለካት ጤፍን ከነጆንያው እንደ መመዘን ነው፤ እህሉ ከጆንያው እጅግ ከከበደ ችግር የለውም፣ እህሉ ጥቂት ከሆነ ግን የተመዘነው ጆንያው ነው። ቁጥሩን እንይ። 0.07 ሲመንስ በሴንቲሜትር የሚያስተላልፍ፣ 0.4 ሚሊሜትር ውፍረትና 13 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ፔሌት በሁለት የብረት ሳሕን መካከል ቢያዝ ሬዚስታንሱ 0.4 ኦም ገደማ ብቻ ነው፤ ሽቦዎቹና መጋጠሚያዎቹ ብቻቸውን ከዚህ ሊበልጡ ይችላሉ። በሌላ በኩል 10⁻⁸ የሚያስተላልፍ ተመሳሳይ ፔሌት 3 ሚሊዮን ኦም ስለሚሰጥ የሽቦው ድርሻ ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ አስተላላፊነቱ ከ10⁻⁵ በላይ ነው ብለው ከገመቱ አራት መርፌ ይጠቀሙ። ከ10⁻⁷ በታች ከሆነ በሁለቱም ገጽ ወርቅ ወይም ካርበን ቀብተው በሁለት ሽቦ ይለኩ፤ ለዚህም ኤሌክትሮሜትር (እጅግ ትንሽ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልግዎታል። በመካከሉ ላለው በሁለቱም ለክተው ያወዳድሩ። ከዚህ በታች የምገልጸው ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የአራት መርፌ ዘዴ ነው።

ደረጃ 5፦ መሣሪያውን በታወቀ ነገር መፈተሽ

ፔሌቱን ከዴሲኬተር ሳያወጡ መሣሪያውን ይፈትሹ። መሣሪያው ተከፍቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሙቅ፤ መብራት ጠፍቶ ከመጣም እንደገና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የንባቡን የማጠቃለያ ጊዜ ቢያንስ በ20 ሚሊሰከንድ ያድርጉት፤ የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ይህ ጊዜ አንድ ሙሉ ዑደት ይዞ ድምፁን (ንባቡን የሚያዋዥቀውን ረብሻ) ያጠፋዋል።

በመቀጠል የሉህ ሬዚስታንሱ (የስስ ሽፋኑ ሬዚስታንስ) የተጻፈበት አይቲኦ የተባለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስስ ሽፋን የተቀባ መስታወት ላይ አራቱን መርፌዎች በመሐሉ ያሳርፉ። 15 ኦም የተባለ ሰፊ መስታወት ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል 3.3 ኦም ገደማ ሊሰጥ ይገባል፤ ምክንያቱም 15 ለ4.53 (ለሰፊ ሉህ የሚሠራው የእርማት ቁጥር፤ በደረጃ 8 ይታያል) ሲካፈል ያ ነው። ከዚህ ከ10 ከመቶ በላይ ከራቀ ስህተቱን አሁኑኑ ይፈልጉ።

*ከረንት ሰጪ መሣሪያ ከሌለ፦* ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና ዋጋው በትክክል የተለካ 100 ኦም ሬዚስተር ከፔሌቱ ጋር በተከታታይ ያገናኙ። ከረንቱ 0.9 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል፤ ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ በ100 ኦሙ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለክተው ለ100 ያካፍሉ። የፔሌቱን ቮልቴጅ በሁለተኛ መልቲሜትር ያንብቡ። ይህን ዘዴ የድሃ ዘዴ አድርገው አይዩት። ባትሪ የመብራት መቆራረጥም ሆነ ከግድግዳ የሚመጣ ድምፅ አያገኘውም፤ ከ10⁻² በላይ ለሚያስተላልፍ ፔሌት ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ መርፌዎቹን ማሳረፍና መለካት

1. ፔሌቱን በመስታወት ወይም በቴፍሎን ላይ ያስቀምጡ። በብረት ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አያስቀምጡ፤ ከረንቱ በፔሌቱ ፈንታ በብረቱ ውስጥ ይሻገራል።

2. የአራቱ መርፌዎች መስመር በፔሌቱ መሐል እንዲያልፍ አድርገው ያሳርፉ። ወደ ጠርዝ ከተጠጋ የእርማት ቁጥሩ አይሠራም።

3. ከውጭ ባሉት ሁለት መርፌዎች ከረንት ይስጡ፤ ከውስጥ ባሉት ሁለት መርፌዎች ቮልቴጅ ይለኩ። ከ1 ማይክሮአምፔር ጀምረው የቮልቴጁ ንባብ ከድምፁ ጎልቶ እስኪታይ ድረስ ብቻ ከፍ ያድርጉ።

4. ንባቡን ከወሰዱ በኋላ የከረንቱን አቅጣጫ ገልብጠው እንደገና ያንብቡ። ሁለቱን ንባቦች ያለ ምልክታቸው ደምረው ለሁለት ያካፍሉ። በመጋጠሚያዎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት የሚፈጥረው ትንሽ ቮልቴጅ በዚህ መንገድ ይወገዳል።

5. ከ1 ማይክሮአምፔር እስከ ከፍተኛው ባሉ ቢያንስ አምስት ከረንቶች ይህንኑ ይድገሙና ግራፍ ይሥሩ።

የፕሮብ ራስ ከሌለዎት አራት ቀጫጭን ሽቦዎችን በፔስት ማጣበቅ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የሲልቨር ፔስት ፈሳሽ በፔሌቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ ነጥቦቹን ሊያገናኝ ይችላል። እርጥበት ባለበትም የብር አዮን በቮልቴጅ ተገፍቶ ይጓዛል። ካርበን ፔስት ይመረጣል፤ ጠብታውም በሽቦዎቹ መካከል ካለው ርቀት አሥር እጅ ያነሰ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት የሚደረጉ ምርመራዎች

*ግራፉ ቀጥ ያለና በዜሮ የሚያልፍ መሆን አለበት።* ከጎበጠ መጋጠሚያው ተበላሽቷል ወይም ፔሌቱ እየሞቀ ነው። ከረንቱን ወደ አሥረኛ ያውርዱ፤ ጉብጠቱ ከጠፋ ምክንያቱ ሙቀት ነበር። ካልጠፋ መርፌዎቹን አንሥተው አጽድተው እንደገና ያሳርፉ።

*የከረንትና የቮልቴጅ መርፌዎችን ያለዋውጡ።* ከረንቱ በውስጦቹ ገብቶ ቮልቴጁ ከውጪዎቹ ሲለካ ሬዚስታንሱ ያው መሆን አለበት። ይህ በማንኛውም ቅርጽ ላይ የሚሠራ ሕግ ስለሆነ ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ከመርፌው መጋጠሚያ ወይም ከመሣሪያው ይፈለጋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ይህን ምርመራ ማንም እንዲዘለው አልመክርም።

*ከረንቱን ለ10 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይስጡ።* ኤሌክትሮን የሚያስተላልፍ ቁስ ቮልቴጁ ባለበት ይቆያል። ቮልቴጁ ቀስ እያለ ያለማቋረጥ ከወጣና አቅጣጫው ሲገለበጥ ወርዶ እንደገና መውጣት ከጀመረ፣ አዮኖች ወደ አንድ ወገን እየተከማቹ ነው፤ የለኩትም በአብዛኛው የውሃን ሥራ ነው። ኢምፒዳንስ መለኪያ ካለ ይህን ያጠናክሩት፤ መሣሪያው በሚሰጠው ግራፍ ላይ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መስመሩ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ከወጣ አዮን አለ፣ ወደ አግድሙ መስመር ከተመለሰ ኤሌክትሮን ነው።

ደረጃ 8፦ ስሌቱ

ለክብ ፔሌት የሚሠራው ስሌት ይህ ነው፦

ሬዚስቲቪቲ = የእርማት ቁጥር × ውፍረት × (ቮልቴጅ ÷ ከረንት)

አስተላላፊነት = 1 ÷ ሬዚስቲቪቲ

4.53 የሚባለው የታወቀ ቁጥር የሚሠራው ወሰን ለሌለው ሰፊ ሉህ ብቻ ነው። ለትንሽ ፔሌት የእርማት ቁጥሩ የፔሌቱ ዲያሜትር በመርፌዎቹ መካከል ላለው ርቀት ሲካፈል በሚገኘው ይወሰናል፦ 5 ከሆነ 3.36፣ 10 ከሆነ 4.17፣ 13 ከሆነ 4.31፣ 20 ከሆነ 4.44፣ 40 ከሆነ 4.51። ይህ ሁሉ የሚሠራው ውፍረቱ ከመርፌዎቹ ርቀት ግማሽ ሳይበልጥ ሲቀር ነው፤ ርቀቱ 1 ሚሊሜትር ለሆነ ፕሮብ 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት የተመረጠው ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ፔሌቱ 13 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 0.40 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የመርፌዎቹ ርቀት 1.0 ሚሊሜትር ነው። በ0.100 ሚሊአምፔር አንደኛው አቅጣጫ 8.03 ሚሊቮልት፣ የተገለበጠው −7.97 ሚሊቮልት ሰጠ። አማካዩ 8.00 ሚሊቮልት፣ ሬዚስታንሱም 80.0 ኦም ነው። ውፍረቱን ወደ 0.040 ሴንቲሜትር ለውጠው 4.31 × 0.040 × 80.0 ሲያባዙ 13.8 ኦም-ሴንቲሜትር ያገኛሉ። አስተላላፊነቱ 0.072 ሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። ውፍረቱን በሚሊሜትር እንዳለ ማስገባት ውጤቱን አሥር እጥፍ ያሳስታል፤ በሜትርና በሴንቲሜትር የተገለጹ ቁጥሮችን ማወዳደር ደግሞ መቶ እጥፍ። የሌሎችን ቁጥር ሲያነጻጽሩ መጀመሪያ መለኪያውን ይመልከቱ።

ደረጃ 9፦ የእርጥበት ፈተና

ይህን ደረጃ በበጋ ለሚለኩም ቢሆን አስገዳጅ አደርገዋለሁ። ፔሌቱ ከፕሮቡ ሳይነሣ የክፍሉን እርጥበትና ሙቀት መዝግበው በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ይለኩ። ከዚያ ፔሌቱን በ90 ዲግሪ በቫክዩም ለሦስት ሰዓት አድርቀው ወደ ፕሮቡ ይመልሱና ከዴሲኬተር በወጣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ይለኩ።

የደረቀው ንባብና በክፍሉ አየር የተወሰደው ንባብ ተቀራራቢ ከሆኑ ከረንቱን የሚሸከመው ፖሊመሩ ራሱ መሆኑን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ አለዎት። በክፍሉ አየር ሲቆይ አስተላላፊነቱ በአሥር እጥፎች ከወጣና ሲደርቅ ከወረደ፣ የቁሱ አስተላላፊነት ብለው ሊጽፉ የሚችሉት የደረቀውን ብቻ ነው። እርጥቡ ንባብ የሚጣል አይደለም፤ ለእርጥበት መለኪያ ሥራ የሚጠቅም ውጤት ሊሆን ይችላል፤ የሚጻፈው ግን በእርጥበቱ መጠን ተለይቶ ነው። በሌላ በኩል እርጥበት ሲገባ አስተላላፊነቱ የሚወርድባቸው ቁሶችም አሉ፤ ያን ካዩ መሣሪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት አድርቀው ወደ ቀድሞው ይመለስ እንደሆነ ይዩ።

ሙቀቱንም እንዲሁ አይርሱ። አስተላላፊነቱ በ0.2 ኤሌክትሮንቮልት የሙቀት እርዳታ የሚመራ ቁስ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ አስተላላፊነቱ በ30 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። በደብረ ማርቆስ ማለዳ የተለካ ፔሌት ከሰዓት በኋላ በባሕር ዳር ከተለካው ጋር ያለ ሙቀት መዝገብ አይወዳደርም።

ደረጃ 10፦ መድገምና መመዝገብ

ከአንድ ዱቄት ቢያንስ ሦስት ፔሌት ይጫኑ፤ የሚቻል ከሆነም በተለያየ ቀን ከተዘጋጀ ዱቄት ሌላ ሦስት። የአንዱን ፔሌት ንባብ አሥር ጊዜ መድገም የመሣሪያውን እርጋታ ያሳያል እንጂ የቁሱን ተመሳሳይነት አያሳይም። ፔሌቶቹ በሁለት እጥፍ ውስጥ ቢለያዩ በዚህ ዓይነት ቁስ የተለመደ ነው፤ በአሥር እጥፍ ከተለያዩ አማካይ ወስደው አይለፉ፤ የእያንዳንዱን ክብደት ለይዘቱ አካፍለው ጥግግቱን ያወዳድሩ። ዝቅ ያለው ንባብ ዝቅ ካለ ጥግግት ጋር ከሄደ ችግሩ በመጫኑ ነው፤ ካልሄደ ወደ ማድረቁ መዝገብ ይመለሱ።

ፔሌት በየአቅጣጫው የተበተኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ክምችት ስለሆነ ከረንቱ በየቅንጣቱ ድንበር ይሰናከላል። ስለዚህ ያገኙት ቁጥር የፔሌቱ እንጂ የነጠላው ክሪስታል አይደለም፤ በጽሑፍዎ ውስጥም «የፔሌት አስተላላፊነት» ብለው ይጥሩት።

መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ «በአሴቶን የታጠበ፣ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቫክዩም ክብደቱ እስኪረጋ የደረቀ ዱቄት፤ በ150 ሜጋፓስካል ለ5 ደቂቃ የተጫነ፣ 13 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 0.40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፔሌት፤ በአራት መርፌ፣ በቀጥተኛ ከረንት፣ አቅጣጫ እየተገለበጠ፣ በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዴሲኬተር በወጣ በ2 ደቂቃ ውስጥ የተለካ፤ የክፍሉ እርጥበት 48 ከመቶ፤ ሦስት ፔሌት።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መሙላት ያልቻሉት ክፍል ካለ ፔሌቱ ገና በእጅዎ ሳለ ተመልሰው ይለኩት።